ልጅዎ አፉን ከፍቶ ይተኛል? በአዴኖይድ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ልጁ ሌሊቱን እንደ ሽማግሌ ያንኮራፋል። ቀን አፉን ከፍቶ ይውላል። ጉንፋኑ ለቀቀው ሲባል ይመለስበታል። እንዲህ ሲሆን አዴኖይድን መጠርጠር ነው። አዴኖይድ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከላንቃ በላይ የሚገኝ ሥጋ ነው፤ እንደ ቶንሲል ጀርም ይከላከላል። ከ3 እስከ 7 ዓመት አካባቢ ይጎላል፤ በጉርምስና ጊዜ ይከስማል።

እንጥል ማስቆረጥ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባልና ልጁ ቆራጭ ዘንድ ይወሰዳል። እንጥል ምን አጠፋ? አዴኖይዱ ያለው ከላንቃ በላይ ተሸሽጎ ነው፤ አፍ አስከፍተው ቢያዩም አይታይም። እንጥል ቢቆረጥ ለእሱ ምኑም አይደለም። ትርፉ መድማት፣ ማመርቀዝ፣ ከምላጩ ደግሞ ቴታነስና ኤችአይቪ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ጉዳት አለው። ሐኪም አዴኖይድ ከማውጣቱ በፊት እንጥሉን ያያል። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ከሆነ ከላንቃው ሽፋን ሥር የተደበቀ ክፍተት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ አዴኖይዱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ንግግሩ በአፍንጫው እየወጣ ሊበላሽ ይችላል። እንጥሉ ቀድሞ ከተቆረጠ ይህ ምልክት አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

«ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል» ብሎ መቆጣት

ከጆሮ የሚመጣው ቀጭን ቱቦ የሚከፈተው አዴኖይዱ አጠገብ ነው። አዴኖይዱ ሲያብጥ ቱቦው ይደፈንና ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ላያመው ይችላል። ግን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል፣ ከኋላው ሲጠሩት ዝም ይላል፣ አስተማሪዋም «አይከታተልም» ትላለች። ከኩርኩም በፊት መስማቱ ይመርመር።

«ካንኮራፋ ጥሩ ተኝቷል» ማለት

አንድ ሌሊት አጠገቡ ቁጭ ብለው ይዩት። እያንኮራፋ ቆይቶ በድንገት ጸጥ ካለ፣ ደረቱ እየታገለ አየር ካልገባ፣ ከዚያ ባንኖ በኃይል ከተነፈሰ፣ ትንፋሹ እየተቋረጠ ነው። በስልክዎ ይቅረጹት። ክሊኒክ ሲደርስ ልጁ ነቅቶ እየሮጠ ስለሚሆን ሐኪሙ ይህን አያይም።

መድኃኒትን በግምት መስጠት

በየጉንፋኑ አሞክሳሲሊን (የባክቴሪያ መድኃኒት) መግዛት ልማድ ሆኗል። በቫይረስ ወይም በአለርጂ ላበጠ አዴኖይድ ግን አይረባም። በተቃራኒው ሐኪም ያዘዘውን፣ እብጠት የሚቀንስ የአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው የሚተዉ አሉ። እሱ ሳምንታት ይፈልጋል። ሲረጭም ጫፉ ወደ አፍንጫው መሀል ግድግዳ ሳይሆን ወደ ጆሮው አቅጣጫ ዘንበል ይበል። አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎች ሌላ ናቸው፤ ከጥቂት ቀናት ካለፉ መልሰው ይደፍኑታል። ባህር ዛፍ ማጠንም ለትንሽ ልጅ የመቃጠል አደጋ አለው። የጨው ውሃ ጠብታ ይሻላል።

ቀዶ ሕክምናን መሸሽ

ያበጠ ሁሉ አይወጣም። ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ የጆሮው ፈሳሽ አልደርቅ ያለ ወይም መድኃኒት ያልረዳው ልጅ ግን ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ይሂድ። ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ ወይም በራጅ አይቶ ይወስናል። ቀዶ ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ፣ በአፍ በኩል ይሠራል፤ ውጪ ላይ ጠባሳ የለውም። ብዙ ጊዜ ልጁ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። «መከላከያው ይጠፋል» የሚባለውም አያስፈራ፤ ሥራውን የሚሸፍኑ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች አሉ።

ከዚያ በኋላ አፉ ለጥቂት ቀናት ቢሸት አይደንግጡ። ከአፉ ወይም ከአፍንጫው ትኩስ ደም ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።