ልጅ ከፖሊስ ጣቢያ ሲመለስ፦ ከቤት የሚጀመረው ሥራ እንዴት ይሠራል

አንድ ልጅ ሞባይል ነጥቆ ወይም ከሱቅ ዕቃ አንስቶ ሲያዝ ጅማ ውስጥ በብዙ ቤት የሚታሰቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ዱላ፣ ካልሆነም «አጋሮ አጎቱ ጋ ይሂድ»። አጎት ጋ የተላከው ልጅ ቡና ሲለቅም ይከርምና ለቀማው ሲያበቃ ይመለሳል። ጓደኞቹ እዚያው ጅማ መርካቶ አሉ። ትምህርቱ አምልጦታል። ከእናቱ ጋር በየማታው የሚጣላበት ጉዳይም እንደነበረ ይጠብቀዋል። ቤት ለቤት እየሄድኩ ከእንደዚህ ዓይነት ቤተሰቦች ጋር የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። መለወጥ ያለበት በልጁ ዙሪያ ያለው የየዕለት ኑሮ ነው፤ የሚለውጡትም አብረውት የሚኖሩት ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ይህን ሐሳብ በጥናት ከመረመሩት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ስኮት ሄንግለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ «መልቲሲስተሚክ ቴራፒ» የተባለውን ሕክምና ከባልደረቦቹ ጋር ጀመረ። ባለሙያው በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቤተሰብ ብቻ ይይዛል፤ ቤታቸው ድረስ ይሄዳል፤ ሌሊትም ቢሆን ሲደወልለት ያነሳል፤ ሥራውን ከ3 እስከ 5 ወር ውስጥ ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ1995 እነ ቻርልስ ቦርድዊን በሚዙሪ በ176 ልጆች ላይ የሠሩት ጥናት ታተመ። ከ4 ዓመት በኋላ እንደገና ተይዘው የተገኙት ለብቻቸው የምክር አገልግሎት ካገኙት 71 በመቶ፣ ከነቤተሰባቸው ከታከሙት ግን 26 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ በሁሉም አገር እንዲህ አልሆነም። እንግሊዝ ውስጥ በ684 ቤተሰቦች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ሕክምናው ከተለመደው አገልግሎት የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን እንደ ፈውስ ቃል ኪዳን አትውሰዱት፤ የሠለጠነ ባለሙያንም አይተካም። እዚሁ ቤታችን ልንሞክራቸው የምንችላቸው የሐሳቡ ክፍሎች ናቸው።

መጀመሪያ ሕጉንና ደኅንነቱን

ልጁ ከተያዘ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮት ጣቢያም ፍርድ ቤትም ይገኝ፤ የልደት ማስረጃ ካለ ይያዝ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ ለልጆች የተለዩ እርምጃዎች አሉት፤ ተግሣጽና በኃላፊ ሰው ክትትል ሥር መማር ከእነዚህ መካከል ናቸው። ዳኛው በቤት የሚከታተለው ሰው መኖሩን ሲያይ እነዚህን መምረጥ ይቀለዋል።

ልጁ ራሱን ለመጉዳት ከዛተ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ወይም በሱስ ተይዞ እንቅልፍ ካጣ ሌላውን ሁሉ አቆዩትና ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዱት። ቤት ውስጥ የሚደበደብ ካለም መጀመሪያ ዱላው ይቁም።

ቤቱ ያለውን ቁጠሩ

አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሠንጠረዥ አልወድም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጁን ያሳፍራል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የደከመውን ሳይሆን የሚሠራውን ጻፉ፦ የሚሰማት አክስት፣ የሚወደው ኳስ፣ የሚያውቀው ባለ ሱቅ፣ የሰፈሩ ዕድር፣ አብረው የሚጸልዩበት ወይም የሚሰግዱበት ቦታ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ «ይህ ጥፋት ለምን ተፈጠረ?» ብላችሁ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ጠይቁ፤ ልጁንም። መልሶቹ ይለያያሉ። ሁሉንም ጻፉ፤ አትከራከሩ።

ጠቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ መጻፍ

ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

በኦሪገን ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጄራልድ ፓተርሰን ቤተሰቦችን በየቤታቸው ተቀምጦ በማየት አንድ ነገር አስተዋለ። እናት «ደብተርህን አውጣ» ትላለች። ልጁ ዝም ይላል። ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። እሱ ይጮሃል፣ በር ይወረውራል። ደክሟት «እንደፈለግህ ሁን!» ትልና ትተወዋለች። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም አንድ ነገር አገኙ፤ እሱ ከጥናቱ ተገላገለ፣ እሷ ጸጥታ አገኘች። ስለዚህ ነገም ይደግሙታል። ሌላ ቀን ደግሞ አባት በጥፊ ይመታውና ልጁ ይታዘዛል፤ አባትም ጥፊ እንደሚሠራ ይማራል። ይህ በየቀኑ በትናንሽ ነገር ስለሚደጋገም ማንም ልብ አይለውም። ልጁ ቤት የሠራለትን ዘዴ ክፍል ውስጥ መምህር ላይ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ልጅ ላይ ይሞክረዋል።

እንዲህ አድርጉ። የትናንቱን አንድ ጠብ ብቻ ምረጡ። እንደ ዕድር ቃለ ጉባኤ በቅደም ተከተል ጻፉት፦ ማን ምን አለ፣ ቀጥሎ ማን ምን አደረገ፣ መጨረሻ ላይ ማን ምን አገኘ። «ባለጌ ነው» አይጻፍም፤ «ሦስቴ ተጠርቶ አልመለሰም» ይጻፍ። ቤት ውስጥ የምትጣሉት በአፋን ኦሮሞ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ጻፉት፤ የተባለው ቃል ራሱ ያስፈልጋል።

ከዚያ ለመለወጥ ቀላሉን ቦታ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ቀላሉ የትእዛዙ አሰጣጥ ነው። ከማእድ ቤት ሆኖ በግቢው ማዶ መጮህ ይቅር። አጠገቡ ሂዱ፣ በስሙ ጥሩት፣ አንድ ነገር ብቻ በአጭሩ እዘዙ፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ካደረገ ወዲያው «አየሁህ፣ ጎበዝ» በሉት፤ ይህን ማለት የሚከብዳቸው አባቶች ብዙ ናቸው፤ ግን ሥራው ያለ እሱ አይሄድም። ካላደረገ አስቀድሞ የተነገረው ቅጣት በዚያው ማታ ይፈጸም፤ አይደርበት፣ አይዘርዘርበት።

ቅጣቱ ትንሽና የሚፈጸም ይሁን፦ ስልኩ እስከ ጠዋት እናት ጋ ያድራል፣ ወይም የነገው ኳስ ይቀራል። ምግብና መኝታ ቅጣት አይሆኑም፤ ከቤት ማባረርም ወደ ጎዳና መላክ ነው። «አንድ ወር ከቤት አትወጣም» ያለ አባት ቃሉን በሦስተኛው ቀን ሲያፈርስ ልጁ የሚማረው የአባቱ ቃል እንደሚወድቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ይህን አስታውሱ፤ መጀመሪያ ላይ ይብሳል። ጩኸት ይሠራለት የነበረ ልጅ አልሠራ ሲለው የበለጠ ይጮሃል። በሩ ከበፊቱ በላይ ይጮሃል። አብዛኛው ቤተሰብ «ይሄ የፈረንጅ ነገር አባሰው» ብሎ የሚያቆመው በዚህ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ መተው ደግሞ ልጁን ይበልጥ መጮህ እንደሚያዋጣ ያስተምረዋል። ለመቀጠል ካልተዘጋጃችሁ አትጀምሩ። በአስቸጋሪዎቹ ማታዎች አብሮ የሚቀመጥ ዘመድ ወይም ጎረቤት አስቀድማችሁ ጥሩ።

አንድ ቃል

የእናት «አይሆንም» በአያት ጓዳ ከፈረሰ ሥራው ሁሉ ባዶ ነው። ሄርማታ በኩል በማውቀው ቤት አባት የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ያሳልፋል። አያት ደግሞ የልጅ ልጃቸው ሲያለቅስ ማየት አይችሉም፤ በምስጢር ብር ያስጨብጡታል። እናት «እናቴ ናት የምታበላሸው» ትላለች። እሳቸውን ከነገሩ ማስወጣት ግን የቤቱን ትልቁን ፍቅር መጣል ነበር። የተባሉት ይህ ነው፦ «እማማ፣ ብሩን አይከልክሉት። ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ቤት ሲገባ ግን እርስዎ ራስዎ ይስጡት።» ደስ አላቸው። ልጁም በሰዓቱ መግባት የጀመረው ከእሳቸው እጅ ለመቀበል ነው። አባትም በየማታው ይደውልና ከልጁ በፊት ከእናት ጋር ይነጋገራል፤ ከሩቅ ሆኖ ሌላ ፍርድ እንዳይሰጥ።

ጓደኛና ሰፈር

«ያስቸገሩትን ልጆች ሰብስበን እንምከር» የሚለውን ሐሳብ ጅማ ውስጥ በቅን ልብ ሲያነሱት እሰማለሁ። እጃችሁን አታስገቡ። ቶማስ ዲሺየንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጽሑፍ እንዲህ ባሉ ስብስቦች የገቡ ልጆች ይባስ ማጨስና ጥፋት መፈጸም እንደታየባቸው አሳይቷል። አንዱ ያደረገውን ሲያወራ ሌላው ይስቃል፤ ሳቁ ሽልማት ይሆናል። ልጁን ደህና ልጆች ወዳሉበት የኳስ ቡድን፣ መዝሙር ወይም መድረሳ በአንድ ትልቅ ሰው እጅ አስገቡት።

የድሮ ጓደኞቹን መስደብም አይጠቅምም። የእናቶቻቸውን ስልክ ቁጥር ያዙ። ስልክ የሚከታተል አፕ የሚገዙ አሉ፤ እኔ አልመክርም፤ ልጁ ስልኩን ጓደኛው ጋ ትቶ ይሄዳል። አጂፕ ላይ የሚቆመው የባጃጅ ሹፌርና የፑል ቤቱ ባለቤት «ልጄን ካየህ ደውልልኝ» ሲባሉ ይሻላሉ። ከሰዓት በኋላ የበርጫ ሰዓት ስለሆነ ብዙ ትልቅ ሰው ሲቀመጥ ልጁ ያለ ተመልካች ይቀራል። ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው በስም ይመደብ።

ትምህርት ቤት፦ ከስም ጠሪው መምህር ጋር በሳምንት አንድ ቀን መነጋገር ይበቃል።

መቼ ይቆማል?

እሑድ ማታ ደብተሩን ክፈቱ፤ ስንት ቀን በሰዓቱ ገባ፣ ስንት ቀን ተማረ፣ ስንት ጊዜ ተጣላችሁ። ካልተለወጠ ልጁን ከመውቀስ በፊት የጠቡን ቅደም ተከተል እንደገና ጻፉት፤ ያልታየ ነገር አለ። እንደገና ካጠፋ የወሰደውን ዕቃ ራሱ ይመልስ፣ ወላጅ አብሮት ሄዶ ይቁም፤ በማግስቱ የተለመደው ሕግ ይቀጥል። ለውጡ ለተከታታይ ሳምንታት ከጸና ቅጣቶቹን አንድ በአንድ አንሱ፤ የመግቢያውን ሰዓት በግማሽ ሰዓት አራዝሙ። የከሰዓቱ ተመልካች ግን ቡና ለቀማው እስኪያልፍ አይነሳ፤ ልጆች እጃቸው ላይ ብር የሚገባውና ከትምህርት የሚቀሩት በዚያ ወቅት ነው።