እህቴ፣ ፎሊክ አሲዱን ከእርግዝናው በፊት ጀምሪ

አሜሪካ ገና ከገባሽና ልጅ ካሰብሽ፣ መጀመሪያ ፋርማሲ ሂጂና ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ግዢ። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጣል። በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፤ ከማርገዝሽ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ጀምሪ። የጽንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚፈጠርበት ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ ይረዳል፤ ቱቦው የሚዘጋው ደግሞ ከተፀነሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ገደማ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን ማርገዛችንን እንኳ አናውቅም።

እኛን ለይቶ የሚነካን ነገር አለ። እዚህ አገር ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኤንሪችድ» የሚል የተጻፈበት ዱቄት፣ ዳቦና ፓስታ ፎሊክ አሲድ ይጨመርበታል። በጤፍ ዱቄት ላይ ግን ይህ ግዴታ የለም። ጠዋት ፍርፍር፣ ማታ ሽሮ በንጹህ ጤፍ እንጀራ የምትበላ ሴት ያ ተጨማሪ አይደርሳትም። እንጀራሽን አትተዪ፤ ኪኒኑን አትርሺ። የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ካለብሽ ግን መጠኑን ሐኪም ይወስንልሽ።

ምስርና ጎመን አይረን (ለደም የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) አላቸው፤ ሰውነት ግን እንደ ሥጋው በቀላሉ አይወስደውም። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጊ፣ ወይም ቲማቲም ሰላጣ አብረሽ ብዪ። ቡናና ሻይ ደግሞ አይረኑን ያስቀሩብሻል። ምሳ ተበልቶ ሳይነሳ ጀበና እንደሚጣድ አውቃለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይፈላ፣ አንቺ አቦሉን ብቻ ጠጪ። ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል። ጤና አዳም ጭራሽ አታስገቢበት፤ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። አፈር አፈር ካማረሽ ደግሞ ሳታፍሪ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ክትፎ ጥሬውም ለብ ለቡም ይቆይ። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ለጽንሱ አደገኛ ነው። «በደንብ ይብሰልልኝ» በይ፣ ማንም አይቀየምሽም። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ለመጾም ከወሰንሽ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው በዋናነት ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነውና።

ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ ዊክ (WIC) ስለሚባለው የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ጠይቂ። ለነፍሰ ጡር፣ ለወለደችና 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬና አትክልት መግዣ ካርድ ይሰጣል። ቀጠሮ ስትይዢም «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በይ። ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ ያቀርባሉ። ባልሽ እያስተረጎመልሽ ለመናገር የሚከብድሽን ነገር ያኔ በነጻነት ትናገሪያለሽ።