በልጅነት ያዩትን ሃው ፓር ቪላን ዳግም ለመጎብኘት

በሲንጋፖር የሚገኘውን ሃው ፓር ቪላን፣ ማለትም የታይገር ባልም ቅባት ባለሀብት ኦው ቡን ሃው እ.ኤ.አ. በ1937 ያሠራውን የቻይና አፈ ታሪክ ሐውልቶች መናፈሻ፣ በልጅነትዎ አይተውት ከሆነ፣ ዳግም ሲሄዱ ወበቁ ሳይበረታ በማለዳ ይድረሱ። በሰርክል መስመር ባቡር ተሳፍረው የመናፈሻውን ስም በያዘው ጣቢያ ይውረዱ። የድሮ ፎቶግራፍ ካለዎት ይያዙ፤ ሐውልቶቹ በየጊዜው ስለሚቀቡ፣ ያኔ የቆሙበትን ቦታ በቀለሙ ሳይሆን በሐውልቱ አቋቋም ይለዩት። የሰው ራስ ያለውን ሸርጣን (ትርጉሙ እስከ ዛሬ አልገባኝም) ሳያዩ አይለፉ። የመናፈሻው መግቢያ ነጻ ቢሆንም፣ አሥሩ የሲኦል ችሎቶች (በቻይናውያን እምነት ሙታን የሚዳኙባቸው) በሐውልት የሚታዩበት ሙዚየም ያስከፍላል፤ ልጅን እንቅልፍ የሚነሳው፣ ኃጢአተኞች በመጋዝ የሚሰነጠቁበት ክፍል ይኸው ነው። ቀረብ ብለው ሲመለከቱ፣ ግዙፍ ይመስሉ የነበሩት ምስሎች ከሰው ቁመት ያነሱ፣ ደማቸውም ቀይ ቀለም መሆኑን ያስተውላሉ፤ ልጅ ይዘው ከሆነ ግን ይህንኑ ከመግባትዎ በፊት ይንገሩት።