ዘፈን ከቶረንት ሲያወርዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ የኢንተርኔት ጥቅሌ በሁለት ቀን ያልቃል፤ ምን እንደሚበላው እንጃ» አለኝ። በሊታውን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከሰዓቱ አጠገብ ከተደረደሩት ትንንሽ ምልክቶች መካከል የቶረንት ፕሮግራም አድፍጦ ተቀምጧል። ከፈትኩት። አንድ የዘፈን ስብስብ፣ የወረደው 9 ጊጋባይት፣ የተላከው 41 ጊጋባይት።

«ለማን ነው የላክሁት?» አለ ልጁ ደንግጦ።

ለማያውቃቸው ሰዎች ነዋ። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው።

«እኔ አወረድኩ እንጂ አላሰራጨሁም» ማለት

በቶረንት አንድ ዘፈን ከአንድ ቦታ ተነስቶ አይመጣም። ተቆራርጦ፣ ፋይሉን ከያዙ ብዙ ሰዎች ኮምፒውተር ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ቁራጭ እጅዎ እንደገባ የእርስዎም ኮምፒውተር ያንኑ ለሌላው ማደል ይጀምራል። እንደ ጽዋ ማኅበር ነው፤ የጠጣ ያጠጣል። ልዩነቱ በጽዋው ተራዎን ያውቃሉ፣ እዚህ ግን ሳያውቁት ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠጡ ያድራሉ። ዘፈኑ ወርዶ ቢያልቅም ፕሮግራሙ እስካልተዘጋ ድረስ እደላው አይቆምም፤ ብዙዎቹም ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ራሳቸው ይነሳሉ።

ነገሩ የጥቅል ማለቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። ሥራን ማባዛትና ለሕዝብ ማሰራጨት በቅጂ መብት ሕግ የባለመብቱ ድርሻ ነው። በአሰራጭ ላይ የሚመጣ ክስ ደግሞ ለራሱ ብቻ ቀድቶ በሚሰማ ሰው ላይ ከሚመጣው እጅግ ይከብዳል።

«ለግል መገልገያ ይፈቀዳል» ብሎ ግማሹን ብቻ ማንበብ

አባባሉ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 9 አንድ ሰው ለሕዝብ የቀረበን ሥራ ለግል ዓላማው ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል። ሰዎች እዚህ ላይ ገጹን ይዘጋሉ። ቀጥሎ ያለው ግን ማባዛቱ የሥራውን መደበኛ ገበያ የሚጎዳ ወይም የባለመብቱን ሕጋዊ ጥቅም ያለአግባብ የሚነካ ከሆነ ፈቃዱ አይሠራም የሚል ነው። «አንድ ቅጂ» ማለትም አንድ ቅጂ ነው። ለወንድም በፍላሽ፣ ለጓደኛ በብሉቱዝ፣ ለባጃጁ ቴፕ በሚሞሪ ካርድ ሲባል ቁጥሩ የት እንደደረሰ እርስዎ ይቁጠሩት።

እኔም በዚህ ንጹሕ አይደለሁም። ለዓመታት ፍላሽ በ10 ብር ስሞላ ኖሬአለሁ፤ «የቆዩትን ጨምርልኝ» ላለኝ እየጨመርኩ። አዋጁ ሲወጣ መብቱን ሆን ብሎ ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት ለጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያስቀጣ እንደነበር ያነበብኩት ሱቁን ከከፈትኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ለጥፋቱ የዋለ መሣሪያም ሊወረስ ይችላል፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው መሣሪያ ማለት ደግሞ እንጀራ ነው። አዋጁ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏልና ጉዳይ የገጠመው ሰው ሁለቱንም ጎን ለጎን ይዞ ጠበቃ ዘንድ ይሂድ። አንዱን ብቻ አንብቦ መከራከር ራሱ ሌላ ስህተት ነው።

«ማን ያየኛል?» ማለት

በቶረንት መረብ ውስጥ ፋይሉን የሚቀባበሉ ሁሉ አንዳቸው የሌላቸውን የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም የኢንተርኔት መስመሩን መለያ ቁጥር፣ ያያሉ። ያለዚያ ቁራጮቹ መድረሻቸውን አያገኙም። ባለመብቱ የቀጠረው ድርጅትም እንደ ማንኛውም አውራጅ ገብቶ አድራሻዎቹን ከነሰዓታቸው ይመዘግባል፤ ምንም መስበር አያስፈልገውም።

የአሜሪካ የድምፅ ቅጂ ኢንዱስትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 35,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ሕጋዊ እርምጃ የወሰደው በዚህ መንገድ ነው። አብዛኞቹ ከፍለው ታረቁ። ካዛ በተባለው ሌላ የፋይል መቀባበያ መረብ የተከሰሰች አንዲት የሚኒሶታ እናት ግን አልታረቅም ብላ ተከራከረች። ክሱ በ24 ዘፈኖች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ዳኞች 222,000 ዶላር ፈረዱባት፤ ጉዳዩ እንደገና ሲታይ በ2009 ወደ 1.92 ሚሊዮን ዘለለ፤ ብዙ ተመላልሶ በ2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 222,000ውን አጸና። ለአንድ ዘፈን 9,250 ዶላር መሆኑ ነው። ያኔ አንድ ዘፈን በኢንተርኔት በ99 ሳንቲም ይሸጥ ነበር።

የሐዋሳን ልማድ ይዞ አገር መሻገር

የእህቴ ልጅ ከአቶቴ ተነስታ ለትምህርት ጀርመን ሄደች። ላፕቶፗን ያዘጋጀሁላት እኔ ነኝ፤ ቶረንቱንም ጭምር፣ ይቅር ይበለኝ። ሦስት ወር ሳይሞላት ከአንድ የጠበቆች ቢሮ ደብዳቤ መጣ። የአልበሙ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ እስከ ሰከንዱ፣ የአይፒ አድራሻው ሁሉ ተጽፏል፤ ከታች ብዙ መቶ ዩሮ ይጠይቃል። የኢንተርኔት መስመሩ በአከራይዋ ስም ስለነበር ደብዳቤው የደረሰው ለአሮጊቷ ነው። እፍረቱ ከገንዘቡ በለጠባት።

እዚህ ላይ ሰው በሁለት በኩል ይስታል። አንደኛው ማጭበርበሪያ ነው ብሎ ደብዳቤውን መጣል ነው፤ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊደርስ፣ ወጪውም ሊያድግ ይችላል። ሁለተኛው በድንጋጤ አብሮ የተላከውን «ዳግም አላደርግም» የሚል ቃል እንዳለ መፈረም ነው። ወረቀቱ ተራ ይቅርታ መጠየቂያ ይምሰል እንጂ ውል ነው፤ ከዓመታት በኋላ አንዴ ቢጣስ ቅጣት ያስከትላል። የእህቴ ልጅ ጠበቃ አማከረች፤ እሱም ቃሉን አጥብቦ በራሱ አጻጻፍ አስፈረማት፤ የተጠየቀውንም ገንዘብ ተከራክሮ አስቀነሰላት።

ቪፒኤንን እንደ ፈቃድ መቁጠር

ቪፒኤን መስመርዎን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያዞር ፕሮግራም ነው። የአይፒ አድራሻን ይሸፍናል፤ መብት ግን አይሰጥም። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም።

«የድሮ ዘፈን የማንም አይደለም» ማለት

የ1960ዎቹን ሸክላ የሚወዱ ደንበኞቼ ሁሉ ይህን ይላሉ። በአዋጁ የድምፅ ቅጂ አሳታሚው መብት የሚቆየው 50 ዓመት ስለሆነ በዚያ በኩል እውነት ያላቸው ይመስላል። ግጥሙንና ዜማውን የደረሱት ሰዎች ኢኮኖሚያዊ መብት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆይቶ ከሞታቸው በኋላ ሌላ 50 ዓመት ለወራሾቻቸው ይዘልቃል። ዘፋኙ ካረፈ ብዙ ጊዜ ቢሆነው እንኳ ገጣሚው ዛሬ እዚሁ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበላ ሊገኝ ይችላል።

«ቴሌግራም እኮ ቶረንት አይደለም» ማለት

አዎ፣ አይደለም። ከቻናል ያወረደ ሰው በራሱ ኮምፒውተር አያድልም። አልበም በወጣ ማግሥት ሙሉውን ቻናሉ ላይ የሚጭነው ሰው ግን አሰራጭ ነው፤ የሚያድለው በነጻ መሆኑም አሰራጭነቱን አያስቀርለትም። ከ20,000 በላይ ተከታይ ያለው አንድ ወጣት ሱቄ መጥቶ «እኔ አርቲስቱን እያስተዋወቅሁት ነው» ብሎኛል። አርቲስቱን ጠይቀኸው ታውቃለህ ብለው ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ላፕቶፑን ይዞ ለመጣው ተማሪ ፕሮግራሙን ነቀልኩለት። እንደ አውታርና ሰዋስው ያሉ የሙዚቃ መተግበሪያዎች መኖራቸውንም ነገርኩት። ሒሳቡን ከፍሎ ሲያበቃ ፍላሹን ከኪሱ አወጣና «ጋሼ፣ እንግዲያው አንተ ጥቂት ጫንልኝ» አለኝ። መጫን ማቆሜን ብነግረው አመስግኖኝ መንገዱን ተሻገረና ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ገባ።