ከተወጠረ ገመድ ይራቁ
በክረምት ከደሴ ወደ ገጠር ወረዳዎች በሚወስዱ መንገዶች ላይ ጭቃ የያዘው አይሱዙ በካቦ ሲጎተት፣ ተሳፋሪውና የሰፈሩ ልጅ ከገመዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ «አይዞህ፣ ሳበው!» ሲል ይታያል፤ አደገኛው ቦታ ግን ያው የቆሙበት ነው። የተወጠረ ገመድ ጉልበት ያከማቻል፤ በተለይ ናይለን ብዙ ስለሚለጠጥ ሲበጠስ ሸሽተው በማያመልጡት ፍጥነት ተመልሶ ይገርፋል፣ ጫፉ ላይ የተነቀለ መንጠቆ ካለማ እንደ ጥይት ይወረወራል። ስለዚህ ቢያንስ የገመዱን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይራቁ፤ ገመዱ 10 ሜትር ከሆነ 15 ሜትር ማለት ነው። ካቦው ላይ እንደ እሾህ ብቅ ያሉ የተበጠሱ የሽቦ ክሮች ከታዩ አይጎትቱበት። ገመዱ ከመወጠሩ በፊት መሃሉ ላይ የሚጣል ከባድ ብርድ ልብስ ወይም እርጥብ ጆንያ ምቱን ያበርዳል እንጂ አያስቀርም። ሹፌሩም ሳይመነጭቅ፣ ቀስ ብሎ ይሳብ።