የጅማ ግቢ አበባ በየወቅቱ ምን ይፈልጋል? ከቡና ለቀማ እስከ መስከረም

ስለ አበባ እንክብካቤ የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ ትኩረታቸው ውሃ ማጠጣት ላይ ነው። ጅማ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። በልጉና ክረምቱ ተያይዘው ስለሚመጡ፣ ከመጋቢት እስከ መስከረም መጨረሻ ሰማዩ እምብዛም አያርፍም። እዚህ አበባ በብዛት የሚሞተው ሥሩ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ነው። ስለዚህ ወሳኙ ሥራ የሚሠራው በበጋው ነው፣ ዝናቡ ሳይመጣ። እኔ የአበባ ዓመቴን የምጀምረው ከቡና ለቀማ ነው። እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ ሥራው በጣም ይቀላችኋል።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ የቡና ገለባውን ማብሰል

ቡናው ተለቅሞ ሲደርቅ መፈልፈያ ቤቶች ደጃፍ ላይ ገለባ ይቆለላል። ሁለት ሦስት ጆንያ ጠይቃችሁ ውሰዱ። ገለባው ፖታሲየም አለው፤ ይህ ንጥረ ነገር ደግሞ ተክሉ አበባ እንዲያወጣ ይረዳዋል። ጠጣሩንም ቀይ አፈር ያላላዋል። ግን አደራ፣ ጥሬውን መደብ ላይ አትበትኑት። ያልበሰለ ገለባ እየበሰበሰ ሳለ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል። በውስጡ ያለው ካፌይንም ለጋ ችግኝን ያቀጭጫል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ባለበት ይቆማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ከግቢው ጥግ ጥላ ያለው ቦታ ምረጡ። ሦስት እጅ ገለባ፣ አንድ እጅ የከብት ፍግ፣ አንድ እጅ እርጥብ ቅጠልና ሣር አዘጋጁ።
2. በየተራ እየደረባችሁ ከምሩት፤ እያንዳንዱን ድርብ ውሃ አርከፍክፉበት። ከውስጡ አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ስትጨምቁት እጃችሁን ማርጠብ አለበት፣ መንጠባጠብ ግን የለበትም።
3. በኮባ ቅጠል ወይም በአሮጌ ጆንያ ሸፍኑት። በጥቂት ቀናት ውስጥ መሐሉ መሞቅ አለበት። እጃችሁን ስትከቱበት ቀዝቃዛ ከሆነ ፍግ አንሶታል ወይም ደርቋል።
4. በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ገልብጡት።

ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል። ታኅሣሥ ላይ የተከመረው መጋቢት መጨረሻ ላይ ጠቁሮ፣ የጫካ አፈር የሚሸት ብስባሽ ይሆናል። ይህ ልክ የበልግ ዝናብ የሚጀምርበት ሰዓት ነው። ቡና የሌለበት ቦታ ያለ አበባ ወዳድ ይህን የመሰለ ዕድል የለውም።

ውሃ የምታጠጡትም በእነዚህ ደረቅ ወራት ነው። ማለዳ፣ ከሥሩ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጥግብ አድርጋችሁ አጠጡ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ያስቀረዋል። በደረቅ ሣር አራት ጣት ያህል ጎዝጉዙለት፤ ግንዱን ግን አታስነኩት። አትክልት የታጠበበትን ውሃ መጠቀም ይቻላል። በረኪና የገባበትን ግን ወዲያ በሉት። ቡገንቪላ ደግሞ ጭራሽ እንዲህ ዓይነት እንክብካቤ አይፈልግም። ትንሽ ሲጠማ ነው እንደ ጉድ የሚያብበው።

የካቲት፦ መደብና ቦይ

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ይህን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ሐምሌ ላይ ቦይ ልቆፍር ቢሉ አፈሩ አካፋው ላይ እየተለጠፈ መከራ ነው።

መጀመሪያ አፈራችሁን ፈትኑ። ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉት። ሲሰርግ ድጋሚ ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ ከአራት ሰዓት በኋላም ካልሰረገ፣ እዚያ ቦታ ጽጌረዳ ሜዳው ላይ መተከል የለበትም።

በቦዬና በኪቶ በኩል ዝቅ ያለው መሬት ረግረግ ስለሚቀርበው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። እዚያ መደቡን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ጠርዙን በድንጋይ ወይም በተሰባበረ ብሎኬት ደግፉት። ዙሪያውን አንድ አካፋ ስፋት ያለው ቦይ አውጡለትና ጫፉን ወደ ውጭ መፍሰሻ አገናኙት። መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። ወደ ጅሬን ዳገት ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ የተገላቢጦሽ ነው። ውሃው አይቆምም፣ ግን አፈሩን ሙልጭ አድርጎ ይዞት ይወርዳል። መደባችሁን ከዳገቱ ጋር አግድም ሥሩት፤ በላይ በኩል ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ይኑር።

ቀና ብላችሁ ጣሪያውንም እዩ። አሸንዳ ከሌለው ቆርቆሮ የሚወርደው ውሃ መሬቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይቆፍራል። ብዙ ሰው አበባውን የሚደረድረው ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ልክ እዚያ መስመር ላይ ነው። ከመስመሩ አንድ ሜትር ያህል ራቁ። ጠብታው የሚያርፍበት ላይ ጠጠር አፍሱበት።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ መትከል

ሁለት ሦስት ጥሩ ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ከላይ እስከ ታች ሲርስ ትከሉ። የመጀመሪያዋን ዝናብ አትመኑ፤ ከእርሷ በኋላ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊደርቅ ይችላል። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ አካፋ ብስባሽ ከአፈሩ ጋር አዋህዱ። ዳህሊያ፣ ካና፣ ማሪጎልድ፣ ዚኒያ በዚህ ወቅት ይገባሉ። ዳህሊያ ስትተክሉ ድንቹ (ድንች የሚመስለው ሥሩ) ሳይጎዳ እንጨት አብራችሁ ትከሉለት። ነሐሴ ላይ ቁመቱ ከፍ ብሎ ሲያድግ ነፋስና ዝናብ ይጥለዋል። ያኔ እንጨት ልትከል ማለት ድንቹን መውጋት ነው።

የፀሐይዋን ነገር አትርሱ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጅማ ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በቀሪው ጊዜ በደቡብ ትሆናለች። ስለዚህ ከቤቱ በስተሰሜን ያለው መደብ በጋውን ሙሉ ጥላ ያጠላበታል። ጽጌረዳ እዚያ ብትተክሉ ቅጠል እንጂ አበባ አታዩም። ቦታውን ለፈርንና ለሃይድራንጂያ ስጡት።

ሃይድራንጂያን ካነሳን፣ የጅማ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው። ለብዙ አበባ ይህ ችግር ነው። ለእርሷ ግን ሰማያዊ ቀለሟ የሚመጣው ከዚሁ ነው። አሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ስለሚሟሟ ተክሏ ትወስደዋለች። ኖራ ከጨመራችሁ ወደ ሮዝ ትቀየራለች። ነጯ ዝርያ ብቻ አትለወጥም። ጽጌረዳ ደግሞ ያን ያህል አሲድ አትወድም። በዓመት አንዴ አንድ እፍኝ የእንጨት አመድ ከሥሯ ራቅ አድርጋችሁ በትኑላት።

ክረምት፦ እጅን ሰብሰብ ማድረግ

ከሰኔ እስከ ነሐሴ መደቡ ውስጥ አትመላለሱ። እርጥብ አፈር ሲረገጥ ይጠቀጠቅና ሥሩ አየር ያጣል። ከድንጋይ ወይም ከጣውላ መረገጫ አድርጉ። አረሙን በእጅ ንቀሉት፤ ሙጃ አንዴ ከተንሰራፋ መስከረም ላይ ዶማም አይበግረው። በበጋ የጎዘጎዛችሁትን ሣርም አሁን ከግንዱ አካባቢ አንሱት።

ቀንድ አውጣ ለጋውን ቅጠል ይጨርሳል። አመድ መነስነስ በዝናብ ወቅት አይረዳም፣ ይታጠባል። ማታ ቁራጭ ጣውላ መደቡ ላይ አጋድሙ። ጠዋት ስትገለብጡት ከሥሩ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ። የጽጌረዳ ቅጠል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ቅጠሉን ልቅም አድርጋችሁ ከግቢ አውጡ። ብስባሹ ውስጥ እንዳይገባ።

ይህ ወቅት የሚያስደስተው ለማባዛት ነው። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቁራጭ ቶሎ አይጠወልግም። ከጽጌረዳ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ጤነኛ ቅርንጫፍ ምረጡ። ከዓይኑ (አዲስ ቅርንጫፍ ከሚወጣበት እብጠት) ሥር ለጥቆ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ከላይ ሁለት ቅጠል ተዉና ሌላውን አራግፉ። አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ግማሹን ቅበሩት። ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ ድፉበት፣ ክዳኑን ክፍት አድርጉት። በረንዳ ላይ፣ ቀጥተኛ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ሥር ለማውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። በመሐል እየነቀላችሁ አትዩት። ቀስ አድርጋችሁ ሳብ ስታደርጉት አልወጣም ካለ ይዟል ማለት ነው። ጀራንየም ከሆነ ቁራጩን ከመትከላችሁ በፊት አንድ ቀን አሳድሩት፤ ቁስሉ ካልደረቀ ይበሰብሳል።

መስከረምና ጥቅምት፦ መግረዝና ዘር መያዝ

ዝናቡ ሲያባራ ጽጌረዳዋ ደክማለች። ቅጠሏ ሳስቷል፣ ቅርንጫፏ ረዝሟል። አትዘኑላት፣ ግረዟት። መቀሱን በአልኮል ጥረጉ። መጀመሪያ የደረቀውን፣ ቀጥሎ እርስ በርስ የሚፋተገውን አውጡ። የቀረውን ከቁመቱ ሲሶውን ቀንሱ። ወደ ውጭ የሚያይ ዓይን ፈልጉና ከእርሱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ውሃው ከዓይኑ በተቃራኒ እንዲወርድ። ዓይኑ ወደ ውስጥ ካየ አዲሱ ቅርንጫፍ መሐሉን ያፍነዋል።

ከተገረዘች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ታብባለች። ለገና አበባ የምትፈልጉ አንዷን ሳትገርዙ አቆዩና ኅዳር 10 አካባቢ ግረዟት።

ቅጠሉ የሚቀላው ፖይንሴቲያ ደግሞ ከዚህ ወቅት ጀምሮ ረጅም ጨለማ ይፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ የበረንዳ አምፖል አጠገቡ ካለ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። አምፖሉን ማጥፋት ወይም ማዞር በቂ ነው። ስትቆርጡት የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ልጆችን አርቁ።

የአደይ አበባ፣ የማሪጎልድና የዚኒያ ራስ ተክሉ ላይ እንዳለ ይድረቅ። ቀትር ላይ፣ ጤዛው ሲጠፋ፣ ልቀሙት። ሳምንት ያህል ጋዜጣ ላይ አናፍሱና በወረቀት ፖስታ አድርጉት። ፌስታል ውስጥ ከገባ የቀረችው እርጥበት ታሻግተዋለች። ፖስታው ላይ የአበባውን ስምና ቀለም ጻፉ፤ መጋቢት ሲደርስ የማሪጎልድና የዚኒያ ዘር ከፖስታው ይወጣል፣ አደይ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይቆያል።