ልጃችሁ ፋሽን ሾው ላይ ሊቀርብ ነው? ከጫማው ጀምሩ

ልጆቻችሁን ለፋሽን ሾው የምታዘጋጁ ወላጆች፣ ከልብሱ በፊት ጫማውን አስቡበት። አዲስ ጫማ መድረክ ላይ ያንሸራትታል፣ ተረከዝም ይልጣል። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ቤት ውስጥ አድርጎት ይዋል፤ ሶሉንም በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፈግ አድርጉለት።

የምትለብሰው የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ ርዝመቱ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሁን። ጥለቱ መሬት የሚጠርግ ከሆነ ልጅቷ ዓይኗን ከእግሯ አታነሳም፤ ከረገጠችውም ይጥላታል። ሹሩባዋን ከአንድ ቀን በፊት አሠሩላት፣ ግንባሯን ግን አይወጥር። ራሷን እያመማት ፈገግ ማለት ከየት ይመጣል!

ለልምምድ ሳሎን ይጠባል። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ያለው የእግረኛ መንገድ አሁን ሰፊ ነው፤ እሁድ በጠዋት ይዛችሁት ውጡ። አንድ ዛፍ አሳዩትና «እዚያ ድረስ ሂድ፣ ቁም፣ በልብህ እስከ 3 ቁጠር፣ ዞረህ ና» በሉት። ትልቁ ጥቅሙ ሰው እያየው መራመድን መልመዱ ነው።

በዕለቱ ልብሱን ሳይቀይር ይብላ፤ ዳቦና ሙዝ ይበቃዋል። ሽንት ቤትም ያኔውኑ። መሃል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች ሲመሽ ትበርዳለች፤ ተራ ሲጠብቅ የሚደርበው ጃኬት ያዙ።

በመጨረሻ ሰዓት «አልወጣም» ካለ፣ እባካችሁ አትግፉት። ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል ለአዘጋጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ተራውን ለሌላ ልጅ ያሸጋግሩታል።